የሁለት ቤት አንድ ግድግዳ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ዝናቡ ሳይይዘን ከጣራው ሥር ግቡና አረፍ በሉ። የምነግራችሁ የሩቅ ነገር አይደለም፤ የካቻምና ሐምሌ ነው፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ እዚሁ ሰፈራችን። እኔ በፍቃዱ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ፖሊስ ቤት ሲፈትሽ ታዛቢ ያስፈልጋል፣ ታዛቢ ሲፈለግ ደግሞ ከቤቱ የማይጠፋው ሽማግሌ ይጠራል። ያ እኔ ነኝ። ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ስሙ።

መጀመሪያ የሞተችው ድመቷ ናት።

ሐሙስ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ኢልሀም አማቷን ፋጢማን ለዐስር ሶላት ልትቀሰቅስ የመኝታ ቤቱን በር ስትከፍት ድመቷ አልጋው ሥር ተዘርራለች። ፋጢማ ደረቷን ይዛ ታቃስታለች፤ አስመልሷታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጩኸቱን ሰምተን ሮጥን። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። መድረሱንስ ደረሰች፤ ነፍሷ ግን በር ላይ ወጣች።

ሐኪሙ አይቷት ፖሊስ አስጠራ። "መርዝ ይመስለኛል" አለ።

ኢንስፔክተር መሰረት ከደሴ ተዛውራ ከመጣች ሦስት ወሯ ነበር። ፈጣን ናት፤ ትዕግሥቷ ግን አጭር። "ጋሼ፣ ይምጡ ይታዘቡልኝ" ብላ ይዛኝ ገባች።

የፋጢማ ክፍል ጠባብ ናት። መስኮቷ ለክረምቱ በላስቲክ ተወጥሯል። ከአልጋው ጀርባ የስንዴ ጆንያ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ስገባ ነጭ ሽንኩርት ነገር ሸተተኝ።

"ምን ስትሠሪ ነበር?" አልኳት ኢልሀምን።

"ምንም፣ ጋሼ። ዛሬ እሳትም አልነደደ።"

ኢንስፔክተሯ ጆንያውን ስትነካካ አልሰማችንም። እኔም ሽታውን አልነገርኳት። ይሄ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

ኢልሀም ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳውዲ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች፤ ባሏ ሁዜይፋ እዚያው ቀርቷል። የሁለት ዓመት ልጃቸው ፈርሂያ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች፤ ትንሿ ጣቷ በፋሻ ታስሯል።

"ጣቷን ምን ሆና ነው?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"በር... በር ቀረጠፋት።"

"እቤታችሁ አይጥ አለ?"

ኢልሀም ግድግዳውን አየት አደረገች። "የለም" አለች፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ አንዱ ፖሊስ ከጓዳው ወጣ። በእጁ የተቋጠረ ፌስታል ይዟል። ውስጡ ቀይ ቀለም የተነከረ ስንዴ አለ፤ ግማሹ የለም።

ኢንስፔክተሯ ፌስታሉን ዐይኗ ፊት አንጠለጠለችው። "እህቴ፣ አይጥ ከሌለ የአይጥ መርዝ ለማን ተገዛ?"

ኢልሀም አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። ይሄ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። እጇ በካቴና ሲያዝ ልጅቷ አለቀሰች። የግድግዳ ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ ገብታ ፈርሂያን አቀፈቻት፤ "አብሽሪ የኔ እናት፣ እኔ ጋ ነሽ" አለቻት።

ብርሀንነሽና ፋጢማ ሠላሳ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ናቸው። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ እስላም። ለፋሲካ ፋጢማ ትጠራለች፣ ለዒድ ብርሀንነሽ ትጠራለች፤ ሥጋውን አስቀድመው ለየእምነታቸው ያሳርዳሉ እንጂ አይቀያየሙም። እርስ በርሳቸው የሚጠራሩትም "እቴቴ" እየተባባሉ ነው፤ ታላቋ ማን እንደሆነች እስካሁን አልለየንም።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ፋጢማን ቀበርን። ድንኳኑ ውስጥ ብርሀንነሽ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ጥፍሮቿ ሥር ጭቃ ደርቋል። በኀዘን መሬቱን ስትቧጥጥ ነው ብዬ ልቤ ተነካ።

ኢንስፔክተሯ ከጎኗ ተቀመጠች። "እትዬ ብርሀንነሽ፣ ኢልሀም ከአማቷ ጋር ትስማማ ነበር?"

"መጣላት ጀምረው ነበር፣ ሰኞ ለት። 'ይሄ ጆንያ ከመኝታ ቤት ይውጣ፣ አለዚያ እኔ ልጄን ይዤ እወጣለሁ' ስትል በግድግዳው ሰምቻለሁ። እቴቴ ደግሞ እህሏን ከዐይኗ ሥር አታርቅ።"

"መርዙንስ?"

ብርሀንነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስትገዛ በዐይኔ አይቻታለሁ። ባለፈው ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከዚያ ከሚዞረው ነጋዴ። ሐሙስም ከቤቴ ስወጣ፣ ቀትር ላይ፣ በጆግ የሆነ ነገር ይዛ ወደ እቴቴ ክፍል ስትገባ አይቻታለሁ።" ከዚያ ድንገት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች። "አፈር በበላሁ! ያን ጊዜ ጆጉን በቀማኋት!"

ይኸው ጠብ፣ ይኸው መርዝ፣ ይኸው ጆግ። እኛ ታዛቢዎቹ ነገሩ አለቀ አልን። ኢንስፔክተሯም ሰኞ ፍርድ ቤት ልታቀርባት፣ ከዚያም ወደ ደሴ ማረሚያ ቤት ልትሸኛት ወረቀቱን አዘጋጀች። የፈርሂያ እናት እንግዲህ በዚያው መቅረቷ ነው።

ነገር ግን ኢንስፔክተሯ ያዝ ለቀቅ አታውቅም። አርብ ከሰዓት ፌስታሉን ይዛ ሐኪሙ ጋ ሄደች፤ የፍተሻው ወረቀት ላይ የምፈርመው ስለነበረኝ አብሬ ሄድኩ።

ሐኪሙ ቀዩን ስንዴ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ አይደለም የገደላት።"

"እንዴት አይደለም?"

"ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚገድል፣ ቀናት ይፈጅበታል፤ ደም ያስፈስሳል። ሴትዮዋ እስከ ቀትር ደህና ነበረች አላችሁኝ።"

"ታዲያ ምን ገደላት?"

"ናሙና ልከናል። መልሱ ሳምንታት ይወስዳል።"

"ዶክተር፣ እኔ ቀጠሮዬ ሰኞ ነው!"

"የእኔ ላብራቶሪ ደግሞ ሩቅ ነው" አለና ትከሻውን ሰበቀ።

ስንወጣ ነርሷ የሺእመቤት በኮሪደሩ ተከተለችን። "ስለዚያች የታሰረችው ልጅ ነው" አለች። "ሕፃኗን ባለፈው እሑድ እኔ ነኝ ያከምኳት። ጣቷን በር አይደለም የቀረጠፋት፣ አይጥ ነክሷት ነው፣ ተኝታ ሳለች። ንክሻው ትኩሳት ያመጣል ብዬ መድኃኒት ጀመርኩላት። እናትየዋንም መከርኳት፦ እህሉን ከምትተኙበት አውጪ፣ ከመሬት አንሺው፣ የነካኩትን አትብሉ፣ ሽንታቸው ራሱ በሽታ ነው፣ ቀዳዳውን በድንጋይና በሲሚንቶ ድፈኚ አልኳት። ለጆንያው የተጣሉት በእኔ ምክር ነው።"

ኢንስፔክተሯ በረንዳው ላይ ቆመች። "ታዲያ ለምን ዋሸችኝ፣ ጋሼ? ልጄን አይጥ ነከሳት ማለት ምን ያሳፍራል?"

እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለባለ ትምህርት፣ ለባለ ማዕረግ መንገር አፈርኩ። ይሄ ሦስተኛው ጥፋቴ ነው።

ጣቢያ ስንደርስ ኢልሀምን አስጠራቻት።

"ጆጉ ውስጥ ምን ነበር?"

"ውሃ ነዋ! ለውዱእ። ዝናብ ስለሆነ እዚያው ክፍሏ ውስጥ በሳፋ ነው የታጠበችው። ዙሁር ሰግዳ ብርድ ብርድ አለኝ ብላ በሩን ዘግታ ተኛች።"

"አልጠጣችውም?"

ኢልሀም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "ሐሙስ ነበር እኮ። ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። ወላሂ ከሌሊት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። እንኳን ውሃ፣ ምራቋን ስትውጥ ትጠነቀቃለች።"

ኢንስፔክተሯ እዚያው ቁማ ለብርሀንነሽ ስልክ ደወለች። "እትዬ፣ ፋጢማ ሐሙስ ትጾማለች?" ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል፤ "እህ! ሠላሳ ዓመት አንድ ሐሙስ ጥላ አታውቅም እቴቴ!" አለች ብርሀንነሽ፣ በኩራት። የራሷን ምስክርነት ራሷ እያፈረሰች መሆኑ አልታያትም።

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "አልበላችም፣ አልጠጣችም፣ በሯን ዘግታ ተኛች፤ ተመርዛ ሞተች። አብራት ድመቷ ሞተች። ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ? የጠየቅኩት ሁሉ ግማሹን ነግሮኝ ግማሹን ይውጣል!"

የቀረው ያ ዘዋሪ ነጋዴ ነው። ሃሩን ይባላል፤ ገበያ በገበያ ይዞራል፤ ቅዳሜ ከላላ ገበያ ነው። በመልክ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ በጣቢያው መኪና ማልደን ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን፤ ኢንስፔክተሯ እስከ ጉልበቷ ጨቀየች፤ ጥርሷን ነክሳ መግፋቷን ቀጠለች።

ሃሩንን ከገበያው ዳር አገኘነው፣ በተቀደደ ጃንጥላ ሥር። ከላይ ካልሲ፣ መስታወትና ምላጭ ዘርግቷል። ኢንስፔክተሯ የሲቪል ልብስ ነው የለበሰችው።

"የአይጥ መድኃኒት አለህ?" አለችው ጮክ ብላ።

ሰውየው ዘሎ ሊነሣ ምንም አልቀረው። "ኧረ ቀስ እመቤቴ! ይሰማሉ!"

"ማን? ፖሊስ?"

"ፖሊስማ ምን ያደርገኛል? እነሱ ናቸው እንጂ!" ብሎ ወደ እህል ተራው በአገጩ ጠቆመ። "ስማቸው አይጠራም። ሊገድሏቸው እንደሆነ ከሰሙ ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ይበቀላሉ፤ ከሣጥን ገብተው ያለ የሌለ ልብስሽን ይቆራርጡልሻል። ደንበኛ ይመጣል፣ በጣቱ እንዲህ ይጭራል።" በጥፍሩ ካርቶኑን ጫር ጫር አደረገ። "እኔ እሰጣለሁ። አለቀ። ምን ወሬ አለው?"

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው ልጄ። እንኳን ለፖሊስ፣ ለባልም አይነገር። መድኃኒት በተደረገበት ቤት ውስጥ ስማቸው አይነሣም። ኢልሀም ግድግዳ ያየችው ለዚያ ነው።"

"ያቺ ልጅ ሦስተኛ ቀኗ ነው በእስር ቤት! አንቱ አጠገቧ ቆመው ነበር!"

ሽማግሌ በልጅ ፊት ሲቀልል እንዲህ ነው።

መታወቂያዋን አወጣች። ሃሩን ጃንጥላውን ሊያጥፍ ሲሞክር እጁን ያዘችው። "ቀዩ ስንዴ ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት ወሰደች።"

"ሌላስ መካነ ሰላም ላይ ማን ወሰደ?"

"ከእሷ ኋላ ቆማ የነበረች አንዲት እናት ክኒኑን ወሰደች።"

"የምን ክኒን?"

ከካልሲው ሥር ቆርቆሮ አውጥቶ ክዳኑን ላላ አደረገው። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

"ነጭ ሽንኩርት!" አልኩ። "ልጄ፣ የፋጢማ ክፍል ውስጥ የሸተተኝ ይሄ ነው!"

ኢንስፔክተሯ ዐይኗን ጨፈነች። "ይሄንንም ነበር የደበቁኝ?"

"ወጥ መስሎኝ ነው እኮ..."

"አንተ" አለችው ሃሩንን፣ "ይሄ ምን ያደርጋል?"

"የእህል ነው፣ ለመጋዘን። ለእነሱም ይሆናል። ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባል፣ በእርጥብ ጭቃ ይደፈናል። እርጥበት ሲያገኝ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ አይታይም። ሰው በሚኖርበት ቤት ግን..." አቋረጠ።

"ግን ምን?"

"ግን አይደረግም። ሰውም አይተርፍ።"

"ነግረሃታል?"

ሃሩን አንገቱን ደፋ። "እሷ በጣቷ ጫረች። እኔ ስድስት ሰጠኋት፣ አደፋፈኑን በእጄ አሳየኋት። ንግግር የለም አልኩሽ እኮ!"

ኢንስፔክተሯ ቆርቆሮውን ከደነችው። "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሌላ የሚሸጥ አለ?"

"ምንም የለ። የማይገዛኝ ሰው እዚያ አይመጣም።"

"ብርሀንነሽ፣ ኢልሀም ስትገዛ በዐይኔ አየሁ ብላኛለች" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። "እሷስ እዚያ ምን ቆማ አየች?"

ያን ጊዜ የብርሀንነሽ ጥፍሮች መጡብኝ። የደረቀው ጭቃ። ልጆቼ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤትን ለፖሊስ መጠቆም ቀላል አይደለም። ግን ሦስት ጊዜ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። በአራተኛው የጥፍሯን ጭቃ ለኢንስፔክተሯ ነገርኳት።

"ከፋጢማ አልጋ ጀርባ ያለው ግድግዳ የማን ነው?" አለችኝ።

"የሁለቱም ነው፣ ልጄ። አንድ ግድግዳ ነው። እነሱ በወዲህ ገብተው በወዲያ ይወጣሉ።"

"ስድስት ክኒን። ሁሉንም ጨርሳው ይሆን?" አለችና ድንገት ፊቷ ተለዋወጠ። "ፈርሂያ የት ነው የምትተኛው?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ብርሀንነሽ ጋ።

ስልክ መታች፤ ኔትወርክ የለም። እንደገና መታች፤ የለም። ሃሩንን ለከላላ ፖሊስ አስረክባ መኪናው ውስጥ ገባን። ያ መንገድ ስንሄድ ካስቸገረን ይልቅ ስንመለስ ብሶ ጠበቀን። በአንዱ ዳገት ጎማው ሲሽከረከር ወርዳ በባዶ እጇ ድንጋይ ደለደለች። "አንድ ቃል" ትላለች፣ "አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ!" ለእኔ ይሁን ለድንጋዩ አላወቅኩም።

መካነ ሰላም ስንገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ብርሀንነሽ ደጇ ላይ ቁጢጥ ብላ ጭቃ በጭድ ታቦካለች። አጠገቧ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ።

"እትዬ! ልጅቷ የት አለች?"

"ውስጥ ተኝታለች። ምነው? ደንግጣችሁ አስደነገጣችሁኝ?"

ኢንስፔክተሯ በርግዳ ገባች። ፈርሂያ መደቡ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ከራስጌዋ ስንዝር ሳይርቅ ጥቁር ቀዳዳ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ አዲስ የተለሰኑ ሦስት የጭቃ ክቦች። አንሥታ አቅፋት ወጣች። ልጅቷ ከእንቅልፏ ተነሥታ አለቀሰች። እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያለኝ የለም።

እኔ ወረቀቱን አነሣሁ። ሦስት ክኒን አለው።

"ይሄን ምን ልታደርጊው ነበር፣ ብርሀንነሽ?"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "እሽሽ! ይሰማሉ። ደግመው መጥተዋል። ይቺን ልጅ እንዳይነክሷት ብዬ ነው።"

"ሐሙስ ለትስ?" አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። "ሐሙስ ቀትር ላይ ነው የደፈኑት?"

"አዎ፣ ቀትር ላይ። ደፍኜ ወደ ዘመዴ ቤት ሄድኩ። ለእቴቴም አልነገርኳት፤ ባይሰሙ ይሻላል፣ ሁለታችንም እንገላገላለን ብዬ..."

"በዚህ በኩል ደፈኑት። በወዲያ በኩልስ?"

ብርሀንነሽ ሊመልስ የተዘጋጀው አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዐይኗ ከጭቃው ወደ ክኒኑ፣ ከክኒኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። በወዲያ በኩል ያለው ከጆንያው ኋላ ነው፣ ከአልጋው ራስጌ። ማንም አልደፈነው። ማን ነግሮ ማን ይድፈነው?

"እቴቴን..." አለች። "እኔ ነኝ እቴቴን?"

በጭቃ እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ኢልሀም ያን ዕለት ሳይመሽ ተፈታች። ከጣቢያ ቀጥታ ወደ ሰፈር መጣች፤ ልጇን ተቀበለች፣ ጣቷን ሳመች። ነገሩን ኢንስፔክተሯ ነግራታለች። ሁላችንም ትጮሃለች፣ ትራገማለች ብለን ቆመን ነበር። ብርሀንነሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ ፖሊስ እስኪወስዳት ትጠብቃለች፤ ብርድ ሲይዛት ጊዜ ነጠላዋን ልትደርብ ወደ ቤቷ ገባች።

ኢልሀም ተከትላት ሄደች፤ ደፉ ላይ ቆመች። "እትዬ ብርሀንነሽ" አለች፣ ጮክ ብላ። "ውጪ ከዚያ። ግድግዳው አሁንም ይተነፍሳል። እዚያ ቤት እንዳትገቢ።" እጇን ዘረጋችላት። ብርሀንነሽ አልያዘችውም፤ አልቻለችም። ኢልሀም ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም፣ አልተቃቀፉም። ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የዚያን ዕለት አልነበረም።

የብርሀንነሽ ፋይል ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። የሃሩን ቆርቆሮም ተወረሰ። ጆንያው ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተደረደረ፤ ቀዳዳው ሁሉ በሁለቱም በኩል በድንጋይና በሲሚንቶ ተመረገ። ኢንስፔክተሯ ግን ነገሩ ካለቀም በኋላ ባገኘችኝ ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። "የያዝኩት ወንጀለኛ የለም ጋሼ፤ የያዝኩት ዝምታ ነው" ትለኛለች። እኔም "የእኔም አለበት፣ ልጄ" እላታለሁ።

አሁን በእኛ ሰፈር እንዲህ ሆኗል፦ በቤቱ መድኃኒት የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ የጎረቤቱን ግድግዳ በጡጫ ይመታል። "ጎረቤት! መድኃኒት ላደርግ ነው!" ብሎ ይጮሃል። መጀመሪያ ሰሞን ያፍሩ ነበር፤ አሁን ተለመደ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዝናቡም አባራ። ወደየቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አስቡልኝ። ግድግዳችሁ ከማን ጋር አንድ እንደሆነ አስታውሱ። አይጦቹ ቢሰሙም ይስሙ፤ ፋጢማ ግን አልሰማችም።